ቡት ሪፔር ሲፈተሽ፦ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ተጭኖ አልነሳ ላለ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ተጨመረ፤ ጭነቱ ያለ ስህተት አለቀ፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንዱ ጋ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተጫነበት ሁሉ በቀጥታ ዊንዶውስን ይከፍታል። ሌላው ጋ የግረብ (ማሽኑ ሲበራ የትኛው ሲስተም ይነሳ ብሎ የሚጠይቀው የሊኑክስ ማስነሻ ፕሮግራም) ሜኑ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሌላው ጋ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ይወጣና እዚያው ይቆማል። ለሦስቱም ብዙ የጥገና ሱቆች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ ፎርማት። ይህ መልስ የሰው ፋይል ያጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጨርሶ አያስፈልግም። ፎቶውም፣ ሰነዱም፣ ሁለቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በቦታቸው አሉ። የተበላሸው ማሽኑ ሲበራ ምን እንደሚያስነሳ የሚነግረው ጥቂት ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ወይም ማዘርቦርዱ ላይ የተመዘገበች አንዲት መስመር ናት።

ቡት ሪፔር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የሚሠራውም ላይቭ በሚባለው፣ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህን መሣሪያ በደንብ ማወቅ ይጠቅማል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ቡት ሪፔር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ትልቁ ዋጋው ግን ሁሉም ሰው የሚጫነው «የሚመከር ጥገና» የሚለው ቁልፍ ላይ አይደለም። ዋጋው ከሥሩ ባለው፣ የማሽኑን ሁኔታ ዘርዝሮ በሚያወጣው ሪፖርት ላይ ነው። ሪፖርቱን አንብቦ የጠገነና ሳያነብ የጠገነ ሰው የሚያገኙት ውጤት በጣም ይለያያል።

ከየት ይገኛል

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ቡት ሪፔር ዲስክ የሚባለው፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ የሚነሳ አይኤስኦ (ፍላሽ ላይ የሚጻፍ የዲስክ ምስል ፋይል) ነው። ሁለተኛው በኡቡንቱ ላይቭ ፍላሽ ተነስቶ፣ የያንኡቡንቱን ፒፒኤ (ቡት ሪፔር የሚወርድበትን የኢንተርኔት የፓኬጅ ማከማቻ) ጨምሮ፣ ፕሮግራሙን በተርሚናል መጫን ነው። ሦስተኛውና እኛ የምንመርጠው የሊኑክስ ሚንት ፍላሽ ነው። ሚንት ቡት ሪፔርን በላይቭ ሲስተሙ ውስጥ ጭኖ ስለሚሰጥ ሜኑ ከፍቶ አድሚኒስትሬሽን ውስጥ ማግኘት ይበቃል። አይኤስኦው ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ 4 ጊጋ ፍላሽ ይችለዋል፣ 8 ጊጋ ቢሆን ይመቻል። ጥቅሙ ጥገናው ላይ ብቻ አይደለም። የጥገናው መጨረሻ እንዴት እንደሚሆን ከማወቃችሁ በፊት፣ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ከፍታችሁ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ። ይህን ሳታደርጉ ምንም ነገር አትንኩ።

በሦስቱም መንገድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ግረብን እንደገና ሲጭን ፓኬጆቹን ከኔት ያወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜም አሮጌውን መጀመሪያ ያራግፍና ነው አዲሱን የሚያወርደው። በዚህ መሀል መስመር ቢቋረጥ ወይም መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ከበፊቱ የባሰ ሁኔታ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ፈልጉ። በላይቭ ሲስተሙ ላይ የዋይፋይ ድራይቨር ካልሠራ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፤ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል።

ከሁሉ በፊት፦ ፍላሹ በየትኛው ሞድ ነው የተነሳው?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች በሁለት መንገድ መነሳት ይችላሉ፦ በዩኢኤፍአይ ወይም በአሮጌው ሌጋሲ ባዮስ፤ ሁለቱም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠሩ የማዘርቦርድ ፕሮግራሞች ናቸው። ከፋብሪካው ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ማሽን ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የፓርቲሽን አመዘጋገብ) ነው፣ የሚነሳውም በዩኢኤፍአይ ነው። ፍላሹ ግን በሌጋሲ ከተነሳ፣ በዚያ ላይ የተጫነው ሊኑክስም በሌጋሲ የሚነሳ ይሆናል። ሁለቱ አይተዋወቁም። በሌጋሲ የተነሳ ግረብ በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ዊንዶውስን መክፈት አይችልም፤ ሜኑው ላይ በግድ ብትጨምሩት እንኳ አይነሳም።

ቡት ሪፔርም ለዚህ ሕግ ይገዛል። የተከፈተበትን ሞድ አይቶ ነው የሚጠግነው። ጂፒቲ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ በሌጋሲ ከተነሳ፣ ብዙ ሰው የሚያሳስተውን መልእክት ያወጣል፦ ጂፒቲ አግኝቻለሁ፣ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ፣ ፎርማት ያልተደረገ፣ የባዮስ ግረብ ምልክት ያለው ፓርቲሽን ፍጠር ይላል። መልእክቱ በቴክኒክ ስህተት የለበትም፤ በሌጋሲ ለሚነሳ ግረብ ይህ ፓርቲሽን በእርግጥ ያስፈልጋል። የእናንተ ችግር ግን ሌላ ነው። ያንን ፓርቲሽን ፈጥራችሁ ብትቀጥሉ፣ ሊኑክስ በሌጋሲ ብቻ፣ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሳበት ማሽን ታገኛላችሁ፤ አንዱን ለመክፈት ሁልጊዜ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ መቀየር ይሆናል። ያንን መልእክት ያየ ሰው ማድረግ ያለበት ፕሮግራሙን ዘግቶ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ እንደገና ማስነሳት ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ዊንዶውስ የሚከፈት ከሆነ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ፤ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ ይላል። በላይቭ ሊኑክሱ ላይ ደግሞ ፋይል ማናጀሩን ከፍታችሁ ከሩት ጀምሮ «ሲስ»፣ ቀጥሎ «ፈርምዌር» ግቡ፤ እዚያ ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚባል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ነው የተነሳችሁት፣ ከሌለ በሌጋሲ ነው። ሁለቱ መልሶች ካልተመሳሰሉ አትቀጥሉ። ማሽኑ ሲበራ በቁልፍ በሚከፈተው ቡት ሜኑ ላይ ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ብታዩት አትደነቁ፤ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል ያለበትን ምረጡ። ቡት ሜኑው በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በብዙ የኤሱስ ላፕቶፖች ኢስኬፕ ነው። ፍላሹን በሩፈስ (አይኤስኦን ፍላሽ ላይ በሚጽፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) የምታዘጋጁ ከሆነ ፓርቲሽን ስኪም የሚለው ላይ ጂፒቲን ምረጡ፤ እንዲህ የተሠራ ፍላሽ በሌጋሲ ስለማይነሳ ስህተቱን ከምንጩ ይዘጋል።

ሪፖርቱን ማንበብ

ቡት ሪፔር ሲከፈት ዲስኮቹን ይቃኝና ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ያሳያል። አንደኛው የሚመከረው ጥገና ነው፣ ሁለተኛው ቡት ኢንፎ የሚባለውን ሪፖርት ብቻ ማውጫ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን ተጫኑ። ምንም አይቀይርም፤ አንብቦ ይጽፋል እንጂ። በመጨረሻ ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ ልጫነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ለሚረዳችሁ ሰው ለመላክ ካልፈለጋችሁ አይሆንም በሉ። የተጫነ ሪፖርት ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል፤ የማሽኑ ዝርዝርም በውስጡ አለ።

ሪፖርቱ ረጅም ነው፣ በእንግሊዝኛም ነው፤ ማንበብ ያለባችሁ ግን አራት ቦታ ብቻ ነው። ከላይ ለእያንዳንዱ ዲስክ ኤምቢአሩ (የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል) ላይ ምን እንዳለ የሚናገር መስመር አለ። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ኤምቢአሩ ምንም የሚታወቅ ቡት ሎደር የለውም ቢል ጤናማ ነው፤ ይህን አይቶ ኤምቢአር ልጠግን የሚል ሰው ያልታመመውን እያከመ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ከፋይል ሲስተሙና ካገኘበት የቡት ፋይል ጋር ይዘረዘራል። እዚህ ፋት32 የሆነውን ትንሽ ፓርቲሽን ፈልጉ፤ ኢኤስፒ የሚባለው፣ የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት፣ እሱ ነው። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት አድርጎ ይፈጥረዋል። በውስጡ የማይክሮሶፍት ፎልደርና የኡቡንቱ ፎልደር ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ሚንትም የሚጠቀመው ኡቡንቱ በሚል ስም የተጠራውን ፎልደር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ የጫነ ሰው፣ የኋለኛው የፊተኛውን ፋይል እንደሚተካበት ይወቅ።

ሦስተኛው ቦታ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር የሚባለው ትእዛዝ ያወጣው ዝርዝር ነው። ማዘርቦርዱ የሚያውቃቸውን የማስነሻ መስመሮች በቁጥር ያስቀምጣል፦ 0000 ዊንዶውስ ቡት ማናጀር፣ 0001 ኡቡንቱ፣ እያለ። ከላይ ቡት ኦርደር የሚለው መስመር ቅደም ተከተሉን ይነግራል። «ሊኑክስ ጫንኩ፣ ግን በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል» ለሚል ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ኡቡንቱ ከዝርዝሩ ካለና ሁለተኛ ከሆነ፣ ጥገናም ቡት ሪፔርም አያስፈልግም፤ ባዮስ ገብቶ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል። ኡቡንቱ በኢኤስፒው ውስጥ ፎልደሩ ኖሮ ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ የጠፋው መስመሩ ብቻ ነው። ፎልደሩም መስመሩም ከሌሉ ግረብ ጨርሶ አልተጫነም ማለት ነው፤ የሚመከረው ጥገና የተሠራው ለዚህ ነው።

አራተኛው የመጨረሻው ክፍል ነው፦ የሚመከረው ቁልፍ ቢጫን ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይጽፋል። ግረብን የየትኛውን ሊኑክስ፣ በየትኛው ኢኤስፒ ላይ እንደሚጭን እዚያ ታነባላችሁ። ዲስኩ ሁለት ከሆነ ይህን ክፍል ሳያነቡ ማለፍ አደጋ አለው።

ቁልፉ ሲጫን

ሞዱ ትክክል ከሆነ፣ ኢንተርኔት ካለ፣ ችግሩም የግረብ መጥፋት ወይም መበላሸት ከሆነ፣ የሚመከረው ጥገና እንደተባለው ይሠራል። ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖ የሊኑክሱን መግቢያ ሲያጠፋ፣ የሊኑክስ ጭነት መጨረሻው ላይ ተቋርጦ ግረብ ሳይጫን ሲቀር፣ ፓርቲሽን ሲገፋ ሲሳብ ቁጥሩ ተቀይሮ ግረብ ቤቱን ሲያጣ፣ በእነዚህ ሁሉ ልምድ ያለው ሰው በተርሚናል የሚሠራውን ሥራ በራሱ ይጨርሳል። አንዳንድ ጊዜ መሀል ላይ ቆሞ፣ የሚያሳያቸውን ትእዛዞች ገልብጣችሁ ተርሚናል ላይ እንድትለጥፉ ይጠይቃል። አንድ በአንድ፣ በተሰጠው ቅደም ተከተል ለጥፉ፤ አንዱ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ግረብ ይራገፍ ወይ የሚል ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣ በታብ ወደ «የስ» ሄዳችሁ ኢንተር ተጫኑ።

ዲስክ ሁለት ለሆነባቸው የተለየ ማሳሰቢያ አለ። ላፕቶፑ ላይ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ጨምሮ ሊኑክስን እዚያ የሚጭን ሰው፣ ግረብም አብሮ እዚያው የተጫነ ይመስለዋል። የኡቡንቱ አሮጌው ኢንስቶለር ግን ሌላ ቦታ ብትመርጡም ግረብን በመጀመሪያው ዲስክ ኢኤስፒ ላይ የመጫን የታወቀ ጉድለት ነበረበት። ለጊዜው ሁሉም ይሠራል። የመጀመሪያው ዲስክ የተቀየረ ወይም ፎርማት የተደረገ ቀን ግን ሊኑክሱ አብሮ አልነሳም ይላል። በቡት ሪፔር አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ግረብ ሎኬሽን በሚለው ታብ ላይ፣ የተለየ ቡት ኢኤፍአይ ፓርቲሽን የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ የሁለተኛውን ዲስክ ኢኤስፒ መምረጥ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ዲስክ ኢኤስፒ ከሌለው በጂፓርትድ (በፓርቲሽን መክፈያው ፕሮግራም) 300 ሜጋባይት ያህል ፋት32 ፓርቲሽን ፍጠሩና የቡትና የኢኤስፒ ፍላግ ስጡት። ሁለቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በየራሳቸው ዲስክ፣ በየራሳቸው ኢኤስፒ ሲቀመጡ፣ የአንዱ አፕዴት ሌላውን መጉዳቱ በጣም ይቀንሳል።

እዚያው አድቫንስድ ውስጥ ካሉት አማራጮች ያለ ስጋት የሚነካው የግረብ ሜኑን ለ10 ሰከንድ የሚያሳየው ነው። የዊንዶውስን የኢኤፍአይ ፋይሎች ባክአፕ አድርጎ ስማቸውን የሚቀይረውን ግን አትንኩ። ዊንዶውስን ብቻ የሚያስነሱ ባዮሶችን ለማታለል የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ የዊንዶውሱ ማስነሻ ፋይል ስሙ ተቀይሮ በቦታው ግረብ ይቀመጣል። የዊንዶውስ አፕዴት ሲመጣ ያንን ፋይል እንደገና ይጽፈዋል፣ ወይም ሊያገኘው የጠበቀውን አጥቶ ዊንዶውስ አልነሳ ይላል። አንድ ሰው ቀድሞ አድርጎት ከሆነ፣ ባክአፑን የሚመልሰው አማራጭ እዚያው አለ። ፋይል ሲስተም ጠግን የሚለውንም ፋይላችሁን ሳትገለብጡ አትጫኑ።

የሌጋሲ ማሽን ላላቸው ነገሩ ያጥራል፦ ግረብ የሚቀመጠው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ቦታ ሲጠየቅ ሙሉውን ዲስክ፣ ማለትም ኤስዲኤን፣ ምረጡ፤ ኤስዲኤ1 ወይም ኤስዲኤ5 ፓርቲሽን እንጂ ዲስክ አይደለም።

ቡት ሪፔር የማያድነው

ዊንዶውስ ከግረብ ሜኑ ሲጠፋ ብዙ ሰው ወደ ቡት ሪፔር ይሮጣል፤ አያስፈልግም። ግረብ ከ2.06 ስሪቱ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚፈልገውን ኦኤስ ፕሮበር ለደህንነት ሲባል በነባሪ ዘግቶታል። ሊኑክሱን ክፈቱ፣ «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የግረብ ፋይል በአድሚን መብት ክፈቱ። በአዳዲስ የኡቡንቱ ስሪቶች ላይ ግረብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር እኩል ይሆናል ፎልስ የሚል መስመር ከፊቱ የሀሽ ምልክት ተደርጎበት ታገኛላችሁ፤ ሀሹን አጥፉ። መስመሩ ከሌለ ራሳችሁ ጨምሩት። ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ተርሚናል ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በሉ፤ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ተገኘ የሚል መስመር ካያችሁ አለቀ። ካላያችሁ ወደ ሞዱ ጥያቄ ተመለሱ።

ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ፣ ሌላው ነው። የዊንዶውስ ዲስክ የተመሰጠረ ከሆነ፣ የማስነሻው ቅደም ተከተል ወይም ሴኪዩር ቡት (የታመነ ፊርማ የሌለውን ማስነሻ የሚያግደው የማዘርቦርድ ጥበቃ) ሲነካ በሚቀጥለው አነሳስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ የሉም፤ ቡት ሪፔርም ሆነ ሌላ መሣሪያ አይከፍታቸውም። ዊንዶውስ 11 በ24ኤች2 ስሪቱ በማይክሮሶፍት አካውንት አዲስ ሲጫን ምስጠራውን ራሱ ያበራል፤ ብዙ ባለቤቶችም መብራቱን አያውቁም። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዊንዶውስ ገና የሚከፈት ከሆነም ቢትሎከሩን ለጊዜው አቁሙት። ከዚያ በኋላም ዊንዶውስን በግረብ በኩል ስትከፍቱ ቁልፉን ደጋግሞ ከጠየቃችሁ፣ በማዘርቦርዱ ቡት ሜኑ በቀጥታ ክፈቱት።

ሴኪዩር ቡትን በተመለከተ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው መታወስ አለበት። በዚያ ቀን የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻ ፋይሎችን የሚያግድ ኤስባት የሚባል ደንብ ጭኖ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ከዊንዶውስ ጎን ያለው ሊኑክስ አልነሳ አለ። መልእክቱ የሺም (ሴኪዩር ቡት የሚቀበለው የሊኑክስ የመጀመሪያ ማስነሻ ፋይል) ኤስባት ማጣሪያ እንዳልተሳካና የደህንነት ፖሊሲ እንደተጣሰ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው ግረብ እንደገና ለመጫን ከመሮጥ ይልቅ መጀመሪያ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ያጥፋ፤ የቢትሎከሩን ቁልፍ ግን በእጁ ይያዝ። ሊኑክሱ ይነሳል። ተርሚናል ላይ በሞክዩቲል ትእዛዝ የኤስባት ፖሊሲውን «ዲሊት» አድርጎ፣ ሲስተሙን አፕዴት አድርጎ፣ አንዴ ወደ ሊኑክሱ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ያብራ። ቆየት ያለ የጥገና ፍላሽም በዚሁ ደንብ ሊታገድ ይችላል፤ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ፍላሽ ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ አልነሳ ቢል ፍላሹ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ፕሮግራሙ ምንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላገኘሁም ወይም ዲስኩን አላየሁም ካለ፣ ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞዱን (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) እዩ። ራይድ ወይም ኢንቴል አርኤስቲ ከሆነ ሊኑክስ ዲስኩን ላያየው ይችላል። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ያስፈልጋል፤ በድንገት ብትቀይሩት ግን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። መጀመሪያ በዊንዶውስ ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ሴፍ ቡትን ምረጡ፣ ሪስታርት ስታደርጉ ባዮስ ገብታችሁ ኤኤችሲአይ አድርጉ፣ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይክፈት፣ ከዚያ ሴፍ ቡቱን መልሳችሁ አንሱ።

ቅደም ተከተሉን ብታስተካክሉትም መልሶ ዊንዶውስን የሚያስቀድም ባዮስ አለ፤ በአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ይታወቃል። ቡት ሪፔር መስመሩን ደጋግሞ ቢጽፍም ባዮሱ አይቀበለውም። እዚህ የሚሠራው ከዊንዶውስ በኩል መሄድ ነው፦ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ በቢሲዲኤዲት ትእዛዝ የቡት ማናጀሩን ፓዝ በኢኤስፒው ውስጥ ወዳለው የኡቡንቱ ፎልደር፣ ሺምኤክስ64 ወደሚባለው ፋይል ማዞር። ባዮሱ ዊንዶውስን ያስነሳሁ እየመሰለው ግረብን ይከፍታል፤ መመለስ ሲፈለግም ፓዙን ወደ ማይክሮሶፍቱ ፋይል ማዞር ብቻ ነው። በአንዳንድ የኤሰር ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ ካላወጣችሁ በስተቀር የኡቡንቱን ማስነሻ ፋይል የታመነ አድርጎ መምረጫው አይከፈትም። ፓስዎርዱን ጻፉት፤ ከጠፋ ሌላ ጣጣ ነው።

ሊኑክሱን የሰረዘ ሰው

ሊኑክስ አልፈልግም ብሎ ከዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ፓርቲሽኑን የሰረዘ ሰው በሚቀጥለው አነሳስ የግረብ ጥቁር ስክሪን ያገኘዋል። ግረብ በኢኤስፒው ላይ አለ፣ የሚፈልገው ፓርቲሽን ግን የለም። ለዚህ ሰው ቡት ሪፔር የተሳሳተ መሣሪያ ነው፤ ግረብን መልሶ የሚጭንበት ሊኑክስ የለውምና። በዩኢኤፍአይ ማሽን «ኤግዚት» ብሎ ጽፎ ኢንተር ሲጫን ብዙ ጊዜ ባዮሱ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፍና ዊንዶውስ ይከፈታል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አንደኛ ማድረግ ብቻ ነው። የዊንዶውሱ ማስነሻ ፋይል ራሱ ከጠፋ ግን የዊንዶውስ ፍላሽ ያስፈልጋል፦ ከፍላሹ ተነስታችሁ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኑ፣ በዲስክፓርት ለኢኤስፒው ኤስ የሚል ፊደል ስጡ፣ ዊንዶውሱ ያለበት ፓርቲሽን የትኛው ፊደል እንደያዘ አረጋግጡ (ሁልጊዜ ሲ አይሆንም)፣ ከዚያ በቢሲዲቡት ትእዛዝ የዊንዶውስን ፎልደርና የኤስን ፊደል ሰጥታችሁ ፋይሎቹን እንደገና አስጽፉ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ቡትሬክ ፊክስቡት በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ብሎ ይቆማል፤ ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ከሱፐር ግረብ2 ዲስክ ጋር ሲነጻጸር

ሱፐር ግረብ2 ዲስክ የሚባለው ሌላ የማስነሻ አይኤስኦ በጣም ትንሽ ነው፤ በሞባይል ዳታ ያለ ሐሳብ ይወርዳል። ምንም አይጠግንም። ዲስኮቹን ቃኝቶ ሊነሱ የሚችሉትን ሁሉ ይዘረዝርና የመረጣችሁትን ያስነሳል። ለጀማሪ ደካማ ይመስላል፤ እኛ ግን ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ከቡት ሪፔር እናስቀድመዋለን። የተጫነው ሊኑክስ በእሱ በኩል ከተነሳ፣ ከዚያው ከውስጡ ሆኖ «ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» ማለት አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል፤ ምንም ነገር ማራገፍም ማውረድም የለም። በሌጋሲ ማሽን ላይ ለመጀመሪያው ትእዛዝ የዲስኩን ስም መጨመር አይረሳ። በተቃራኒው ሊኑክሱ ራሱ ውስጡ ተበላሽቶ በምንም መንገድ አልነሳ ካለ፣ ከውጭ ሆኖ የሚጠግነው ቡት ሪፔር ይበልጣል። ሁለቱንም አይኤስኦዎች በቬንቶይ (ብዙ አይኤስኦ ከአንድ ፍላሽ በሚያስነሳው ፕሮግራም) በአንድ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ላፕቶፕ የሚጠግን ባለሙያ ሁሉ ቢይዘው እንወዳለን።

ሁሉም ተስተካክሎ ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ብታገኙት የጥገናው ስህተት አይደለም። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ውስጥ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሊኑክሱ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ማለት ያስታርቃቸዋል።

ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ዴቢያን ላልሆነ ሊኑክስ ቡት ሪፔርን አንመክርም። ፖፕ ኦኤስ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ የሚነሳው በግረብ ሳይሆን በሲስተምዲ-ቡት ነው፤ ቡት ሪፔር ግረብ ቢጭንበት ያልነበረ ችግር ይጨምራል። በፌዶራም ዩኢኤፍአይ ከሆነ ግረብ2-ኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ተዉት። ሴኪዩር ቡት የሚቀበለውን የተፈረመ ፋይል ያልተፈረመ ይተካበታል። እዚያ ትክክለኛው መንገድ በዲኤንኤፍ የሺምንና የግረብ2-ኢኤፍአይን ፓኬጆች ሪኢንስቶል ማድረግ ነው።